እንደምን አደራችሁ የሚል ሙያ

የአገራችን ሰው ሰላምታ ማሳጠር አይወድም። ሐራ ገበያ ላይ ማለዳ የተገናኙ ሁለት ሽማግሌዎች ማሽላው እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ከረመ፣ ልጁ ደወለ ወይ ሳይባባሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ጠያቂው ጠይቆ ዝም ይላል፤ ተጠያቂው እስኪመልስ ይጠብቃል። ታዲያ በየማለዳው እንደምን አደራችሁ ብሎ ጠይቆ መልሱን የማይሰማ ሰው ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? እኛ የሬዲዮ አዘጋጅ እንለዋለን። ስለ እሱ ሙያ ጥቂት እናውጋ።

ሬዲዮ በአገራችን በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። ወዲያው ወረራ መጣ፤ ጣቢያውም ፈረሰ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ድምፁም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ማይክሮፎኑ ፊት ያለው ወንበር የአንባቢ ወንበር ነበር። ሌላ ሰው የጻፈው፣ ሌላ ሰው ያየውና የፈረመበት ወረቀት ይቀርባል፤ ባለ ድምፁ አሳምሮ ያነበዋል። ይህን በንቀት አንናገርም። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ጋዜጠኞች ግንባር ቀደሟ ሮማነወርቅ ካሣሁን በዚያ ዘመን ማይክሮፎኑ ፊት መቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አድማጩ ጆሮ ብቻ ነበር፤ አፍ አልነበረውም።

የወይዘሮ መዓዛ ብሩን የሥራ ጉዞ የምንወደው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሠርተዋል፤ የወረቀቱን ወግ ያውቁታል። የግል ሬዲዮ እንዲኖር በር የከፈተው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 በ1991 ዓ.ም. ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች ፈቃድ ግን እስከ 1998 ዓ.ም. ቆየ። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው! ከዚያ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥርጭቱን ጀመረ፤ መሥራቿም እሳቸው ናቸው። «የጨዋታ እንግዳ» ላይ የሚሠሩትን ልብ ብላችሁ ስሙ። አንድ አረጋዊ ይጋበዛሉ፤ የት ተወለዱ ይባላሉ፤ ከዚያ ጠያቂዋ ዝም ይላሉ። እንግዳው ያስታውሳሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዳንዴም ድምፃቸው ይሰበራል። ጨዋታው በአንድ ሳምንት ካላለቀ ለሚቀጥለው ይተርፋል፤ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ሰዓት አልቋል ተብሎ ሰው ከነታሪኩ አይባረርም። እኛ እንደሚመስለን የእሳቸው ሙያ የአፍ ሳይሆን የጆሮ ነው።

ይሁንና ሐራ ሆናችሁ 102.1ን ብትፈልጉ ጩኸት ብቻ ነው የምታገኙት። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። በአዲስ አበባና በእኛ መካከል ደግሞ ተራራ ሞልቷል። የአገራችን ሰው የኖረው ረጅም መንገድ በሚሄዱት በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ያንን ጨዋታ የሰማነው ለትምህርት ከቤት ከወጣን በኋላ፣ ወይም ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ነው። ስንሰማም እያልን የምንቀጥለው አንድ ነገር ነው፤ ኧረ የእኛዎቹን ሽማግሌዎች ማን ይጠይቅልን?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ሲይዝ መብራትም ስልክም ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ እናቶቻችን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ ከረምን። እዚያ በኩል ለነበሩት የቀረው ሬዲዮ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሞቁ፣ ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርገው ይሰሙ ነበር። መንገድ ከተከፈተ በኋላ አንዲት እናት ያጫወቱን ከልባችን አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑ እንደምን አደራችሁ ሲል እሳቸው ጮክ ሳይሉ «አልሐምዱሊላህ፣ አድረናል ልጄ» እያሉ ይመልሱ ነበር። «ይሰማል ብዬ መሰላችሁ? እንደማይሰማስ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ይባላል እንዴ!» አሉን።

እኛ ከዚህ የበለጠ የሙያው ፍቺ አናውቅም። ባለ ማይክሮፎኑ የማያያቸው፣ መልሳቸው የማይደርሰው ሰዎች ከወዲያ ማዶ እየመለሱለት ነው። ይህን የሚያስብ አዘጋጅ ቃሉን አያባክንም፤ በሰው ሐዘን ላይ ዘፈን አያስከትልም፤ የቦታ ስም ሲጠራ ቦታው ውስጥ ሰው እንዳለ ያስታውሳል። በዚያ ወራት የአገራችን ስም በየዜናው ይጠራ ነበር። ተያዘ፣ ተለቀቀ ይባላል። ከጦርነቱ በፊትም የሐራን ስም ያስጠራው በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ነው። መንገዱ ይነገራል፣ ኪሎ ሜትሩ ይነገራል፤ ማን እንዴት አደረ ግን አይጠየቅም።

ስለዚህ ወገኖች፣ ከመካከላችን ጋዜጠኝነት የምታጠኑ፣ ድምፃችን ያምራል የምትሉ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። መጀመሪያ ጆሮ አብጁ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ የአቃቂን ጣቢያ ያህል ማሠራጫ አያስፈልገውም። ክረምት ስትወርዱ ከእናንተ ሰፈር አንድ አረጋዊ አጠገብ ተቀመጡ። የት ተወለዱ በሉና ዝም በሉ። ሽማግሌዎቻችን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ የሚቀጥለውን ክረምት ሁሉም አይደርሱበትም።