ማጭድ የያዙትን ያስነሣሁ ዕለት

የበደልኩት እግዜርን ብቻ ቢሆን ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ ቀኖናዬን ተቀብዬ እገላገል ነበር። የበደልኩት ግን የመንዝ ገበሬዎችን ነው፤ ያውም በገዛ ሣራቸው ላይ ቆሜ።

የዓለም ከተማ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ፈረንጅ ብርቅ አይደለም። ካርል ሃይንዝ ቦም የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» በወረዳችን በመርሐ ቤቴ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከተማችንም ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ወዳጅነት አላት። ትንሽ እንግሊዝኛ የቀመሰ የሰፈራችን ጎረምሳ እንግዳ መምራት ቢያምረው አይፈረድበትም። እኔም መጀመሪያ የጀማ ወንዝን ገደል አሳይ ነበር። በኋላ ገደሉ አነሰብኝና እንግዶቼን ይዤ መንዝ፣ ጓሳ መውጣት ጀመርኩ።

ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውርጫም ሜዳ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ሸንተረሩ ውሃውን ለሁለት ይከፍላል፤ በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ ወደ ጀማ ብሎም ወደ ዓባይ። ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ ጭላዳው ተቀምጦ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጥ ላይ ሲያደባ ይታያል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ የሰማ እንግዳ አንዷን እስኪያይ እንቅልፍ የለውም። እኔም ይህን አውቄ ባሳተምኩት ማስታወቂያ ላይ ሜዳው የሰው እጅ ያልነካው መሆኑን ጻፍኩ። ውሸት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም።

አንድ በጋ ሜዳው ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። ትልልቅ ካሜራ የያዙ እንግዶች አስከትዬ ስወጣ ከሸንተረሩ ማዶ ሰዎች ማጭድ ይዘው ሣሩን ያጭዳሉ፤ አህዮች ሸክም ይጠብቃሉ፤ ሴቶች ነዶ ያስራሉ። እንግዶቼ ገና አልደረሱም። ደነገጥኩ። የሸጥኩላቸው ሰው የሌለበትን ሜዳ ነው። ሮጥ ብዬ ቀደምኩና «ይህ የተጠበቀ ቦታ ነው፤ ዞር በሉልኝ» አልኩ። የየትኛውን ደንብ ስም እንደጠራሁ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ብቻ እንደ ሹም ነው የተናገርኩት።

አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን አጠፋን ልጄ?»

«ፎቶው ላይ ትታያላችሁ አባባ።»

ይህንን ነው ያልኩት። ዝም አሉ። አህዮቹን ነድተው፣ ያልታሰረውን ነዶ እንደተበተነ ትተው ከጉብታው ጀርባ ወረዱ። ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ፤ ያን ቀን በግማሽ ሸክም እንደተመለሱ በኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ቀበሮዋ ወጥታልኝ፣ እንግዶቼ ረክተው፣ ጉርሻዬን ተቀብዬ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ያወራሁትን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ጓሳን ያቆየው የሰው አለመኖር አልነበረም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ከሚባሉ አባቶች የሚወለዱ ባለ ርስቶች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ እስኪጎለምስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ ይከፍቱታል፤ ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉታል። በምርጫ የሚሾም አፈሮ የሚባል አለቃ ነበራቸው። ተደብቆ አጭዶ ጎጆውን የከደነ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበት እንደነበር ሽማግሎች ያወራሉ። ያ ሁሉ ጥብቅነት ታዲያ ለማጨድ ነበር፤ ለጣራ፣ ለገመድ፣ ለገሳ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳው ባለቤት አጥቶ ተጎዳ። እንደገና ተሰብስበው ደንብ ያወጡትና የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ ሕግ እንዲታወቅ ያበቁት እነዚሁ አጫጆች ናቸው። ሣሩ ካለቀ አይጧ መደበቂያ ታጣለች፤ አይጧ ከሄደች ቀበሮዋም ትሄዳለች። እንግዳ የማመጣባትን ቀበሮ ያቆዩልኝን ሰዎች ነው እንግዲህ ከጉብታ ጀርባ የደበቅኋቸው።

ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ የታየኝ፣ ባሕር በሌለው አገር ተቀምጬ፣ ስለ ባሕር ሣር ሳነብ ነው። በሜዲትራንያን ፖሲዶኒያ የሚባል ሣር ከውሃው በታች ሜዳ ሠርቶ ይበቅላል፤ ዓሣ ይራባበታል፣ ማዕበል ይበርድበታል። የመዝናኛ ጀልባዎች መልሕቅ ይነቅለዋል፤ በስፔን የባሌአር ደሴቶች መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. በሣሩ ላይ መልሕቅ መጣልን በአዋጅ ከልክሏል። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የረገፈው ቅጠሉ በዳርቻው ይከመራል፤ ክምሩም አሸዋው በማዕበል እንዳይወሰድ ይይዘዋል። ቱሪስት ግን ቆሻሻ ይመስለዋልና በየመዝናኛው በመኪና እየተዛቀ ይነሣል። እንግዳው የመጣበትን አሸዋ የያዘለትን ነገር፣ ለእንግዳው ዓይን ሲባል! ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አህዮቹ ትዝ አሉኝ።

አጫጆቹን ባስነሣሁ ጊዜ ራሴን የማጽናናበት ምክንያት ነበረኝ፤ የእንግዳ ገንዘብ እየበዛ ሲሄድ ሰው ሣር ማጨድ አያስፈልገውም እል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ድረስ ሲመጣ እንግዳ የሚባል ነገር ጠፋ። ሜዳውን ለቱሪስት ብቻ አድርገነው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ለመንዝ ሰው ምን ይተርፈው ነበር? እንግዳ ይምጣ፣ አሁንም እላለሁ፤ ሥራዬም ነው። ግን ከአጫጁ ኋላ ተሰልፎ ይምጣ።

ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ረስተውኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልረሱም። ለባከነው ቀን የሚሆን ገንዘብ ይዤ ነበር፤ ዓይናቸውንም አላሳረፉበት። ይቅርታ ስጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔማ ኸድሮም አውቃለሁ ሣሩ የእኔ መሆኑን። ለእነዚያ ለፈረንጆቹ ነው መንገር ያለብህ» አሉኝ።

ማስታወቂያውን አስተካክዬ አሳትሜያለሁ፤ አጫጆቹም አሉበት። የእነዚያ እንግዶች አድራሻ ግን አሁንም በእጄ አለ፤ አልጻፍኩላቸውም። ምክንያቱን ልናገር ካልኩ ያው ኀፍረት ነው፤ ያን ፎቶ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው ከሆነ፣ ሰዎቹን ያስወጣሁት እኔ ነኝ ለማለት እስካሁን አልደፈርኩም።