ስለ ዕቃ አቀማመጥ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ብዙ ያስባል፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ያገላብጣል፣ የሚያውቅ ሰው ያማክራል። ሲሠራበትም እንዳይሰበር ይጠነቀቃል። በሚያስቀምጠው ጊዜ ግን አሳቡ ያልቃል። የተቀመጠ ዕቃ ሥራ የፈታ ስለሚመስለው ባገኘው ጥግ አጋድሞት ይሄዳል። ይህ ልማድ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ለማስረዳት ስለ አንድ የመኪና ዕቃ እነግራችኋለሁ። ዕቃው በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ ብረት ነው፤ ነገሩ ግን ከብረት አልፎ ሰውን ስለሚነካ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የምኖረው በሐርቡ ነው። ሐርቡ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ሙቀት የሚበዛባት ከተማ ናት። መኪናዬ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠራች አሮጌ ላንድ ክሩዘር ስትሆን፣ በሰፈራችን ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወይም ድንገት የታመመ ሰው ሲኖር ወደ ደሴ የምታደርሰው እርስዋ ናት። ስለዚህ የመኪናዋ ጤንነት የእኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሐርቡ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይገጥማል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳገት ላይ ሞተር እጅግ ይደክማል፤ መኪናዋ ግን በዝግታ ስለምትሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው። አየሩም ከፍ በተባለ ቁጥር ይሳሳል። በደሴ ከፍታ ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሞተርን ከመቃጠል የሚያድነው ከራዲያተሩ በስተ ኋላ ሆኖ አየር የሚስበው ቬንትሌተር ነው።

በጥንት መኪኖች ይህ ቬንትሌተር ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ያለ ዕረፍት ይዞር ነበር። ብርድና ሙቀት ስለማይለይ ነዳጅ ያባክናል፣ ጩኸትም ያበዛል። ስለዚህ መሐንዲሶች በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ የሚያስዞረውን ዘዴ ፈለጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣችው ፔጆ 404 ይህን በኤሌክትሪክ ማግኔት ትሠራው ነበር። በእኔ መኪና ያለው ግን መካኒኮች ፋን ክላች የሚሉት፣ በቬንትሌተሩና በውሃ ፓምፑ መካከል የሚገባ ክብ ፍሪሲዮን ነው። በውስጡ ሲሊኮን የተባለ ወፍራም ዘይት ታሽጓል። በፊቱ ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥቅልል ሞላ አለው። ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣው አየር ሲግል ሞላው ይጣመምና ትንሽ በር ይከፍታል፤ ዘይቱም በውስጠኞቹ ብረቶች መካከል ገብቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዛል፤ ቬንትሌተሩም በኃይል ይዞራል። አየሩ ሲበርድ በሩ ይዘጋል፣ ዘይቱ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፣ ቬንትሌተሩም ይለቀቃል። እንግዲህ ይህ ዕቃ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በመጠበቅ ነው።

ባለፈው ዓመት መኪናዋ ሐረጎ ላይ መጋል ጀመረች። ኮምቦልቻ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኋት። እርሳቸውም ሞተሩ እንደ ጋለ አስጠፉና ቬንትሌተሩን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይከብድ ነበር፤ እርሱ ግን እንደ ልጆች መጫወቻ ተሽከረከረ። ከመሐሉም ዘይት ወጥቶ አቧራ ጋግሮበታል። በአጠገባችን የቆመ ሰው፣ «በብሎን ቆልፉትና ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ ይዙር፤ ምን ያስቸግራል?» አለ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህ ለዛሬ ማታ ያሻግርሃል። ለዓመት ግን ነዳጅህን ይበላል፣ የፓምፑንም ኩሽኔታ ይጨርሳል» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማኖር ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል። እኔም መለዋወጫ ፍለጋ ዞሬ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ በካርቶን እንዳለ ያልተነካ ፋን ክላች አገኘሁ። ከመክፈሌ በፊት ነጋዴውን ይዤ ለመካኒኩ አሳየኋቸው። ካርቶኑን ቢያነሡት ታቹ በዘይት ርሷል። ነጋዴው ተገርሞ፣ «አንድ ቀን እንኳ ያልሠራ ዕቃ እንዴት ይበላሻል? ስድስት ዓመት ከመደርደሪያ አልወረደም» አለ። እርሳቸውም፣ «ስድስት ዓመት በጀርባው አስተኝተኸዋል» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋን ክላች በመኪና ላይ የሚኖረው እንደ መኪናው ጎማ ቆሞ ነው፤ የዘይቱም ማደሪያ የተሰናዳው ለዚሁ አቋም ነው። አጋድመው ያስቀመጡት እንደ ሆነ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ መሐሉ ዘንግና ወደ ኩሽኔታው ይወርዳል፤ ከዚያም ሾልኮ ይወጣል። ከውጭ ሲያዩት ግን አዲስ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

ሽማግሌው፣ «አብሽር ልጄ» ብለው ከመደርደሪያቸው አንድ የእንጨት ሣጥን አወረዱ። በውስጡ ከሌላ መኪና የተፈታ ፋን ክላች በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጣውላ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተፈታበትም ቀን በወረቀት ተጽፎበታል። ያንኑ ገዛሁ።

አገጣጠሙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተፈታ፤ ራዲያተሩ እንዳይቧጠጥ ወፍራም ካርቶን ተጋረደበት። አራቱ ዳዶዎች የተፈቱት ቺንጋው እንደ ጠበቀ ነው፤ አለዚያ መዘውሩ አብሮ እየዞረ ያስቸግራል። ቬንትሌተሩ የትኛው ፊቱ ወደ ራዲያተሩ እንደሚዞር ምልክት ተደረገበት፤ ተገልብጦ ቢገጠም አየሩን በሚገባ አይስብምና። የፓምፑም ኩሽኔታ ተነቅንቆ ተፈተነ። ሲታሰር ዳዶዎቹ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ጠበቁ። የሌላ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በአንዳንዱ ላይ ዋናው ዳዶ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ቬንትሌተሩ ለጥቂት ጊዜ ጮኸና ዘይቱ ወደ ማደሪያው ሲመለስ ዝም አለ። በማግስቱ ሐረጎን ስወጣ የሙቀቱ መርፌ ከመካከል አላለፈም።

ይህን ሁሉ ሲያግዝ የዋለ አንድ ወጣት ረዳት ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት አንዱ ነው። ከዚያ ፈተና ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እርሱም ከብዙዎቹ ጋር ቀረ፤ ከዚያም ዓመት ሙሉ እቤቱ ተኝቶ እንደ ነበር ነገረኝ። ሽማግሌው ወደ ጋራዡ ሲያስገቡት ከጉልበት ሥራ ሌላ አንድ ነገር ጠየቁት፤ ይኸውም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጥገና መመሪያ በየማታው ሁለት ሁለት ገጽ እያነበበ እንዲተረጕምላቸው ነበር። ፋን ክላች ቆሞ እንዲቀመጥ የሚያዘውን ቃል ከመጽሐፉ ያገኘው እርሱ ነው፤ ሣጥኑንም የሠራው እርሱ ነው። «እኔማ አርባ ዓመት ሙሉ አጋድሜ ነበር የማስቀምጠው» አሉኝ ሽማግሌው።

ወጣቶች ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ትምህርት ጨርሳችሁ ወይም ሳትወዱ አቋርጣችሁ ሥራ ትጠብቃላችሁ። መጠበቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን የምትጠብቁት ነገ በምትሠሩበት አቋም ይሁን። ማንበብ የተማረ በየቀኑ ጥቂት ያንብብ፤ ሒሳብ የሚያውቅ ለጎረቤቱ ባለ ሱቅ ሒሳቡን ይያዝለት፤ መዶሻ መያዝ የቻለ የተሰበረ በር ይጠግን። ዕውቀት እንደዚያ ዘይት በማይታይ ጠብታ ይሄዳልና፣ መጉደሉ የሚታወቀው በተጠራችሁበት ቀን ነው።

ዳሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ በወጣቱ ላይ መጫን ፍርድ ማጉደል ነው። ያ በካርቶን የነበረ ዕቃ ራሱን አላጋደመም፤ ያጋደመው ሰው ነው። «ልጄ ሥራ የለውም» እያለ የሚያማርር አባት፣ ልጁን ከመንቀፉ በፊት ምን አደራ ሰጥቶት እንደሚያውቅ ራሱን ይጠይቅ። ሁለት ገጽ ማንበብ ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም በዚህች ትንሽ ነገር አንድ ልጅ ቆሞ ሰነበተ፣ ከእርሱም የተነሣ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ሐረጎን በደኅና ታልፋለች።