ከጉለሌ የተላከ ደብዳቤ፦ ስለ ጤና መኮንኖች የድኅረ ምረቃ ሥልጠና

ይድረስ በደብረ ማርቆስ ለሚገኙ ቤተሰቦችና ወዳጆች።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ደጀንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮንን፣ ገርበ ጉራቻን፣ ፍቼን፣ ጫንቾንና ሱሉልታን ተራ በተራ ወደ ኋላው ከተወ በኋላ፣ በእንጦጦ ትከሻ ላይ ወደ አዲሱ ገበያ ሲያቆለቁል ቀድሞ የሚያገኘው የከተማ ሰፈር ጉለሌ ነው። ይኸው ጎዳና የታማሚም ጎዳና ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች፣ አልፎ አልፎም ከዓባይ ማዶ፣ የሪፈር ወረቀት የያዙ ሕሙማን በአምቡላንስም በሚኒባስም በዚህ ቁልቁለት እየወረዱ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገባሉ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ከቤተሰቡ መካከል በጤና መኮንንነት ተመርቆ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራው ወጣት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመጀመር ማሰቡ ስለ ተሰማ ነው፤ የዚያ ትምህርት ዋጋም ሪፈር ከሚያበቃበት ከዚህ ሰፈር ሆኖ ሲመዘን ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሰፈሩ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ከዚያ በላይ ግን የደብዳቤው ጉዳይ አይደለም። ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋ፣ ላይኛው ወገኑ ባሕር ዛፍ፣ ታችኛው ወገኑ ቤት የሞላው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቹና በአገር ልብስ ሱቆቹ የታወቀ ነው፤ የሠርግ ልብስ ሊገዛ የመጣ እንግዳ እዚያ ሳይደርስ የሚመለስ አይመስልም። በሌላ በኩል ጉለሌ ታላላቅ የሕክምና ተቋማት የሚገኙበት ሰፈር ነው። በእንጦጦ ዳገት ላይ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ ወረድ ሲባል ሕዝቡ ዛሬም በቀድሞ ስሙ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ በዚያው አካባቢ ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ጳውሎስ በ1968 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከፍሎ መታከም ለማይችለው ድኃ ታስቦ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2007፣ ማለትም ኢትዮጵያ ሁለት ሺሕኛ ዓመቷን በተቀበለችበት ወቅት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተበት ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሚል ስም ተጨመረለት፤ በ2015 የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል የተከፈተውም እዚሁ ነው።

እንዲህ ባለ ተቋም ምጥ የጸናባት እናት ስትደርስ የሚቀበሏት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ አዋላጅ ነርሷ፣ በመጨረሻው የትምህርት ዓመት ላይ ያለው ኢንተርን፣ ጠቅላላ ሕክምናን ጨርሶ ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነው ሬዚደንት፣ ከሁሉም በላይ ውሳኔውን የሚያጸድቀው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት በየደረጃቸው ይገኛሉ። በወረዳ ያለው ሁኔታ ከዚህ በእጅጉ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በተለምዶ የወረዳ ሆስፒታል የሚባለው፣ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ የቆመ ነው፤ ስፔሻሊስት በዚያ ቦታ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው፤ ጠቅላላ ሐኪሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ ሬዚደንሲ ለመሄድ የሚጠባበቅ ወጣት ነው። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችን ድርሻ በአገር አቀፍ ደረጃ 2 ከመቶ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 ከመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህ ልዩነት የሚያሳየው የከተማዋን ብልጫ ብቻ አይደለም፤ ኦፕራሲዮን አስፈልጓቸው ሳያገኙ የቀሩ የገጠር እናቶች መኖራቸውንም ጭምር ነው እንጂ። በዚያው ጥናት የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 ሆኖ ተገምቷል፤ በ2000 ግን 871 ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀው ባለሙያ ጤና መኮንን ነው፤ ታሪኩም በጎንደር ይጀምራል። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈጅ፣ አገሪቱ የራሷ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተመሠረተው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1964 ነው። ስለዚህ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ፣ በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ሦስቱ ባለሙያዎች አብረው ተምረው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሰማሩ ነበር የታሰበው፤ መኮንኑ ያክማል፣ የጤና ጣቢያውንም ሥራ ይመራል፤ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ሦስተኛው ውኃውንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ቀድሞ በየመንደሩ መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ብቻ ለነበረው ገጠር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ሐኪም ወደ ማሠልጠን ሲዞር የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋርጦ ቆየ፤ ኋላ ተመልሶ፣ በ2005 በተጀመረው የተፋጠነ መርሐ ግብር በአምስት ዩኒቨርሲቲዎችና ከእነሱ ጋር በተያያዙ ሆስፒታሎች በብዛት ማስመረቅ ጀመረ። ሥልጠናውን ማቋረጡ ስሕተት እንደ ነበር ለመናገር ዛሬ ብዙ ድፍረት አያስፈልግም።

ወጣቱ ያሰበው ትምህርት ከዚህ የሚቀጥለው ደረጃ ነው። ሙሉ ስሙ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሕክምና ማስተርስ ሲሆን፣ በሆስፒታሎች አካባቢ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ አይ.ኢ.ኤስ.ኦ. ይባላል። በ2009 የተጀመረው ይህ የሦስት ዓመት ትምህርት በሥራ ላይ የቆየውን ጤና መኮንን ወስዶ፣ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በማዋለጃና በኦፕራሲዮን ክፍል በማዋል፣ ሪፈር ተጽፎለት መንገድ ላይ ሊሞት የሚችለውን ሕመምተኛ እዚያው ማዳን እንዲችል ያደርጋል። የሚማራቸው ነገሮች ውስን ናቸው፤ ውስንነታቸውም ታስቦበት ነው። ምጥ ሲራዘም በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ የተቀደደ ማህፀንን መስፋት ወይም ማውጣት፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ደም ሲፈስ ሆድን ከፍቶ ማቆም፣ የታመመ ትርፍ አንጀትን ማውጣት፣ የተጠማዘዘ አንጀትን መመለስ፣ በአደጋ ለተጎዳ ሰው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና መስጠት ዋናዎቹ ናቸው። ሊዘገዩ የሚችሉት፣ እንደ እንቅርት ያሉት፣ ለስፔሻሊስቱ ይቀራሉ። ክፍፍሉ የተሠራው በሰዓት ነው፤ እስከ ፍቼ ወይም እስከ ጉለሌ መቆየት የሚችለው ይላካል፣ የማይችለው እዚያው ይሠራለታል።

ይህ ዓይነቱ ባለሙያ በሌላውም ዓለም አለ፤ አነሣሡና አሠራሩ ግን የተለየ ነው። በአሜሪካ ዶክተር ዩጂን ስቴድ በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ኃይል የሕክምና ረዳትነት የተሰናበቱ አራት ሰዎችን መልምለው በሐኪም ሥር ሆኖ የሚያክም ባለሙያ ማሠልጠን ጀመሩ፤ ዛሬ ሙያው በማስተርስ ደረጃ የሚሰጥ ትልቅ መስክ ሆኗል። እንግሊዝም ይህንኑ ተከትላ በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ታሠለጥናለች፤ ሆኖም የሥራ ወሰናቸው ለዓመታት ካከራከረ በኋላ፣ በሐምሌ 2025 የወጣው፣ ይህንኑ ሙያ የመረመረው የሌንግ ግምገማ የተባለው ጥናት እነዚህ ባለሙያዎች፣ ግልጽ መመሪያ ከተቀመጠላቸው ጉዳዮች በቀር፣ ሕመሙ ገና በሐኪም ያልተለየለትን ታካሚ እንዳያዩ መክሯል። የዚህን ምክር ተገቢነት ለእንግሊዞች መተው ይሻላል። ኢትዮጵያዊው ጤና መኮንን ግን በሥራው ተፈጥሮ ሕመሙ ያልተለየለትን ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ ነው፤ ያንን ቢከለከል ጤና ጣቢያው ይዘጋል። ስለዚህ የለንደኑን ክርክር እንዳለ አምጥቶ በወረዳ ሆስፒታል ላይ መጫን፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ ሐኪሞች መካከል እንደሚሰማው፣ ነገሩን ከሥሩ አለማየት ነው።

«ሐኪም ያልሆነ ሰው ሆድ ይከፍታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ ከአፍሪካ የሚገኝ ነው። ሞዛምቢክ ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠልጥናለች፤ በ2007 በታተመ ጥናት እንደ ታየው፣ ከተመደቡ ከሰባት ዓመት በኋላ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በወረዳ ሆስፒታል ሲገኙ፣ አብረው ከተመደቡት ሐኪሞች ግን የቀረ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በትግራይም በ2011 የታተመ ጥናት ከማዋለድ ጋር የተያያዙ የቀዶና የድንገተኛ ሕክምና ሥራዎችን መርምሮ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ሐኪም ባልሆኑ ባለሙያዎች መሠራታቸውን አሳይቷል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማሚቱ ጋሼ አለች፤ በረዘመ ምጥ ምክንያት ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣው ፌስቱላ የሚባለው ጉዳት ደርሶባት ከገጠር የመጣችው፣ ትምህርት ቤት ያልገባችው ይህች ሴት፣ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ ቆማ ቀዶ ሕክምናውን ተምራ፣ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሳ በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የለንደን ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ተሸልማለች። እሷን እንደ ደንብ መያዝ አይቻልም፤ ሆኖም እጅ በልምምድና በቅርብ መምህር እንደሚሠለጥን ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም።

ከዚህ ሰፈር ሆኖ ሲታይ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ማስተርስ የተመረቀ ባለሙያ የሠራው የተሳካ ሥራ ወደ ጉለሌ አይመጣም፤ እናቲቱ እዚያው ወልዳ ትመለሳለችና። የሚመጣው ያልተሳካው ወይም ጭራሽ ያልተሞከረው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያልተሞከረው ቀዶ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ለቆ በመሄዱ፣ ደም ባለመኖሩ፣ ወይም ኦክስጅኑ በማለቁ ነው። አንድ ቀዶ ሠሪ ብቻውን ምንም ሊሠራ አይችልም። መንግሥት ሲያሠለጥን ባለሙያውን ነጥሎ ሳይሆን ከማደንዘዣ ባለሙያውና ከኦፕራሲዮን ክፍል ነርሱ ጋር አንድ ቡድን አድርጎ ቢልክ፣ ያ የጎንደር የ1954 አሳብ ዳግም ሥራ ላይ ይውል ነበር።

ሁለተኛው ችግር የሙያው መውጫ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ይሆናል፣ ስፔሻሊስትም ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ በዚህ ማስተርስ የተመረቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚወጣበት መሰላል ግልጽ አይደለም፤ ሆስፒታሉ አድጎ ስፔሻሊስት ሲመደብለትም ለዓመታት ሌሊት ሲጠራበት ከኖረው የኦፕራሲዮን ክፍል ገሸሽ እንዳይደረግ ዋስትና ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጤና መኮንኖች በ2012 የተጀመረውንና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች የሚቀበለውን አዲሱን የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር መርጠው ሐኪም የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህም ሊወቀሱ አይገባም። ይሁንና ሁለቱ መንገዶች የሚያደርሱት ወደ ተለያየ ቦታ ነው፤ አንዱ ቀስ በቀስ ወደ እንደ ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎች ያመጣል፣ ሌላው ወረዳ ላይ ያቆያል፤ ወጣቱ መምረጥ ያለበትም በደመወዝ ልዩነቱ ሳይሆን መኖር በሚፈልግበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ «ተማር» ወይም «ተው» ከማለቱ በፊት፣ ወጣቱ ወደሚመደብበት የወረዳ ሆስፒታል በአካል ሄዶ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ይምከሩት፦ ቋሚ የማደንዘዣ ባለሙያ አለ ወይ፣ ደም ከየት ይመጣል፣ ባለፈው ወር በኦፕራሲዮን የወለደች እናት አለች ወይ። መልሱን በጽሑፍ ይዞ ወደ ዞኑ ጤና መምሪያ ይሂድ፤ የትምህርቱን ውል የሚፈርመውም የጎደለው የሚሟላበት ቀን በውሉ ላይ ሲጻፍለት ይሁን።