የጅማ ቡናና የኦክላሆማ ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወንዙን በድልድይ ከተሻገረ በኋላ ወደ ሌላ የአየር ጠባይ እንደ ገባ ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። ሰኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን አልፎ ወደ ጅማ ሲቃረብ፣ በየቤቱ ጓሮ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ቡና በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቆሞ ያገኛል። መንገዱ በጠቅላላው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው በጥቅምት ወይም በኅዳር የሆነለት ሰው ደግሞ ቀዩ እሸት ቡና ሲለቀምና በየደጁ ሲሰጣ ለማየት ይታደላል።

ጅማ ከጥንት ጀምሮ የገበያ አገር ናት። ዘመናዊው ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት በሂርማታ የሚቆመው የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴውን ይስብ ነበር። ከነባሩ የኦሮሞ ሕዝብ ጋር የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል። በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢጣልያኖች የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ስለ ነበረ፣ የእነርሱን ጊዜ የሚያስታውሱ ሕንፃዎች በከተማው ውስጥ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ በዚህ ጽሑፍ ይልቁን አንባብያንን ልናስጎበኝ ያሰብነው የእርሻውን ትምህርት ቤት ነው። በጥቅምት ወር 1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተብሎ ተከፈተ፤ በኋላም ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን የመጡት ከአሜሪካ፣ ያውም ኦክላሆማ ከምትባለው ክፍለ ግዛት ነበር። ከኦክላሆማ እስከ ጅማ ምን አገናኘ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የአሜሪካን አሰፋፈር ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። የአሜሪካውን ታሪክ ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ጸንቶ የቆየውን የመጀመሪያ ሰፈራቸውን የመሠረቱት በ1607 በቨርጂኒያ ነው፤ ስሙንም ጀምስታውን አሉት። ረኃብና በሽታ ሊያጠፋቸው ከደረሰ በኋላ ሰፈሩን ያቆመላቸው ትምባሆ ነበር። በ1620 ደግሞ ሜይፍላወር በምትባል መርከብ 102 መንገደኞች ወደ ሰሜኑ ጠረፍ ደረሱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአምልኮታቸው ምክንያት በአገራቸው የተገፉ ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት እኩሌታ ያህሉ አለቁ። የተረፉትን በቆሎ እንዴት እንደሚዘራ ያስተማራቸው ቲስኳንተም የተባለ የአገሩ ተወላጅ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ በእንግሊዝ መርከበኞች ተጠልፎ እስጳንያ ድረስ ለባርነት ተወስዶ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ወገኖቹ በወረርሽኝ አልቀው ቆዩት። እንዲህ የተበደለው ሰው ነው እንግዶቹን ከረኃብ ያወጣቸው።

ያ በቆሎ ወደ እኛም አገር መጥቷል። አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ይሉት የነበረው ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስላወቁ ነው። ዛሬ በጅማ ዙሪያ በቡናው አጠገብ የሚዘራው በቆሎ የእነቲስኳንተም ቅርስ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በአንጻሩ የእኛ ቡና ወደዚያ ሄዷል። ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን የተገኘው ቡና በየመን ለምቶ፣ በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ አምስተርዳምና ወደ ፓሪስ የአትክልት ቦታዎች ተወስዶ፣ በ1720ዎቹ ማርቲኒክና ብራዚል ገባ። በ1773 የቦስተን ሰዎች በእንግሊዝ ቀረጥ ተቆጥተው 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ከጣሉ ወዲህ ሻይ መጠጣት ከአገር ፍቅር ጋር የማይስማማ ሆኖ ስለ ታየ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቡና ዞረ። ያን ጊዜ የሚጠጡት ቡና ግን በካሪቢያን ደሴቶች በአፍሪካውያን ባሮች ድካም የተመረተ ነበር። በአንዱ ፍሬ ውስጥ የነፃነት ጥያቄና የባርነት ቀንበር አብረው ተጓዙ።

በ1776 ነፃነታቸውን ካወጁ በኋላ አሜሪካውያን ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መለሱ። በ1803 ከፈረንሳይ ሉዊዚያና የሚባለውን ሰፊ አገር በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው የአገራቸውን ስፋት እጥፍ አደረጉት። ሻጩና ገዥው ሲዋዋሉ በምድሩ ላይ የሚኖሩትን ሕዝቦች የጠየቀ አልነበረም። በ1830 የወጣው ሕግ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲዛወሩ አዘዘ። የቸሮኪ ሕዝብ አቤቱታ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱም በ1832 መብታቸውን ቢያውቅላቸው፣ ፍርዱን የሚያስፈጽም ባለ ሥልጣን አልተገኘም። በ1838 በወታደር ተገደው ከወጡት 16 ሺህ ከሚያህሉት ቸሮኪዎች 4 ሺህ ያህሉ በመንገድና በመጠለያ እንዳለቁ ይገመታል። ያንን ጉዞ የእንባ መንገድ ይሉታል። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የዚህ ነገር ክብደት አይጠፋውም።

የእንባው መንገድ ያበቃው ኋላ ኦክላሆማ በተባለው ምድር ነው። ስሙ ራሱ ከተባረሩት ሕዝቦች መካከል ከአንዱ፣ ከቾክቶዎች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም «ቀይ ሕዝብ» ማለት ነው። ለዘለዓለም የእናንተ ነው የተባለው ያ ምድርም አልቀረላቸውም። ኤፕሪል 22 ቀን 1889 ሁለት ሚሊዮን ኤከር የሚሆነው ክፍሉ ለሰፋሪ ተከፈተ። 50 ሺህ የሚያህል ሕዝብ በፈረስና በጋሪ በወሰን ላይ ተሰልፎ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ምልክቱ ሲሰጥ እየጋለበ ገብቶ የቀደመ ሰው ቦታውን ያዘ። ለእያንዳንዱ የሚፈቀደው እስከ 160 ኤከር፣ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት ነበር። ከሯጮቹ ብዙዎቹ በአገራቸው መሬት ያልነበራቸው ድሆች እንደ ነበሩም መዘንጋት አይገባም። የአንዱ ድኻ ተስፋ በሌላው ድኻ ኀዘን ላይ ተተከለ።

እነዚያ ሰፋሪዎች በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1890፣ ስቲልዋተር በምትባል ትንሽ ከተማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ ሲጀመር ሕንፃ ስላልነበረ ተማሪዎቹ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተማሩ። የዚህ ዓይነት ኮሌጆች መሠረት በ1862 የወጣው ሕግ ነው፤ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት እየሰጠ በሽያጩ ገንዘብ የገበሬው ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዲቆም አደረገ። ኮሌጆቹም ሦስት ሥራ ተሰጣቸው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውንም ዕውቀት እስከ ገበሬው ማሳ ማድረስ። አሠራሩ የሚመሰገን ነው፤ የተሸጠው መሬት ግን ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ ነበር።

ወደ ጅማ የመጣው ይህ አሠራር ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር አራተኛው ነጥብ አሜሪካ ዕውቀቷን ለሌሎች አገሮች እንድታካፍል የሚል ስለ ነበረ፣ ድርጅቱ በአገራችን ፖይንት ፎር ተብሎ ታወቀ። የስቲልዋተር ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝተው ስለ እርሻ ትምህርት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ፤ ቀጥሎም የፖይንት ፎር የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። ነገር ግን በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ስላረፉ የሐሳባቸውን ፍሬ አላዩም። በዚያው ዓመት በግንቦት ውሉ ተፈረመ፤ በጥቅምት የጅማው ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ ኮሌጅ ሕንፃ እስኪያልቅ ድረስ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች የተማሩት በጅማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1946 ዓ.ም. ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ። የኦክላሆማ መምህራን ሥራ እስከ 1960 ዓ.ም. ቆየ።

ዕውቀቱ ፍሬ እንዳፈራ የሚያሳይ አንድ ምስክር በከተማው አጠገብ አለ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በመልኮ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ለቡና ጥናት የታወቀ ነው። በ1963 ዓ.ም. ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፍ የቡና በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች ወደ ደኑና ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መረጡ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዘሮች የዚያ ምርጫ ውጤቶች ናቸው፤ 74 ማለት የተሰበሰቡበት የአውሮፓ ዓመት፣ 1974 ነው። የመምረጥ ጥበቡ ከትምህርት ተገኘ፤ መድኃኒቱን ግን ነባሩ ሕዝብ በጥላ ሥር ጠብቆ ያኖረው ዛፍ ይዞት ነበር። የቲስኳንተም ነገር በጅማም ተደገመ።

እንግዲህ በአሜሪካ ታሪክ ያየነውን ይዘን በአገራችን ላይ ዓይናችንን ብንጨፍን ፍትሐዊ አንሆንም። ከከተማው ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። በ1870 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በፈቃዳቸው ስለ ገበሩ አገራቸው ከጦርነት ተረፈ፤ ጅማም እስከ 1924 ዓ.ም. በውስጥ አስተዳደሯ ራሷን ችላ ኖረች። ጎረቤቱ ከፋ ግን ተዋጋ። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1889 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ተሸንፈው ተማረኩ፤ አገሩም እጅግ ተጎዳ፤ ሕዝቡ በወታደሩ ደመወዝ ፈንታ በገባርነት ተመደበ። በጅማም ቢሆን የሂርማታ ገበያ ቡናና ማር ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ቡና ዋጋ ባወጣ ጊዜም ባለ መሬቱ በዛ፤ ጭሰኛውም ከምርቱ ሲሦውን ወይም እኩሌታውን ሲከፍል እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆየ።

ከጅማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ አጋሮ፣ ወይም ወደ ሊሙ ገነት፣ ወይም በደቡብ ምዕራቡ መንገድ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው በየከተማው የዚህን ታሪክ ልጆች ያገኛል። አንዱ አያቱ ከወታደር ጋር መጣ፤ አንዱ ቡና ለመልቀም መጥቶ ቀረ፤ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ለማገልገል ገባ። የአንዱ አያት ደግሞ ከማንም በፊት በዚያው ነበረ። የጎማ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ ጮጬ ነው ሲሉ፣ የከፋ ሰዎች በእኛ ደን ነው ይላሉ። ይህ ክርክር በሲኒ ዙሪያ የሚያስቅ ክርክር ነው። መጤና ነባር መባባል ግን የሰው ቤት ያፈረሰበትን፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የለየበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁለቱ አገሮች ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ለጉልበት የተሰጠ መሬት ከነቂሙ ይወረሳል፤ ቂሙም የሚሽረው በእውነት ሲነገር ነው። ስለዚህ ከአያት በወረሰው ቤት የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ አያታችን ወደዚህ አገር እንዴት መጡ፣ ሲመጡ ማን ተቀበላቸው፣ በማንስ ላይ ከበዱ የሚለውን ለልጆቹ ሳይሸፋፍን ይንገር። የጎረቤቱንም ቋንቋ ያስተምራቸው። በአያቱ ጊዜ የተገፋውም ቤተሰብ የአያትን በደል የልጅ ልጅ ዕዳ አያድርገው፤ በአንድ ምድር የተወለደ ልጅ ሌላ አገር የለውምና። ከስቲልዋተር የመጣልንን ዕውቀት በምስጋና እንያዘው፤ ከዚያ ታሪክ ውስጥ መርሳቱን ግን እንተወው። ቡና ያለ ጥላ እንደማይበረክት የጅማ ገበሬ ያውቃል፤ ሰውም ጥላ የሆነለትን ሲያውቅ ነው በተተከለበት የሚጸናው።