ፊውዝ የበላው ብርሃን

አቦ፣ ልጅ ሆኜ ታይዋን የሚባል አገር እንዳለ ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ካርታውን ሰቅሎ፣ ቻይና ጎን ያለችውን ደሴት በእንጨት እየነካካ «ይቺ ታይዋን ናት» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቲቸር፣ እሷማ እዚሁ ናት!» አለ። ምን እናድርግ? ለድሬዳዋ ልጅ ታይዋን ማለት በጅቡቲ በኩል የገባ ቴፕ፣ ሽቶ፣ ሸራ ጫማና ሰዓት የሚሸጥበት ገበያችን ነው። ደሴቷ ስሙን ከእኛ የወሰደች ነበር የመሰለን።

ይህን ያነሣሁት ከዚያ ገበያ ስለተገዛ አንድ የገና መብራት ለማውራት ነው። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር እኔና እማዬ ያንን መብራት ሳናነሣ አናድርም። ዘመኑ 1992 ነው። ያን ዓመት ግቢያችን በሙሉ ጾመኛ ሆነ። በእኛ በኩል ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም አለ፤ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ደግሞ ረመዳን ከተፍ አለ። አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ጾም! ለኛ ለልጆቹ ተደብቆ የሚበላበት ጥግ እንኳ ጠፋ። ከበሩ ጀርባ ዳቦ ስገምጥ የጎረቤታችን የሐጂ ትንሹ ልጅ አገኘኝና እሱም ኪሱ ውስጥ የደበቀውን ባጂያ አውጥቶ አሳየኝ። ያን ቀን የጀመረ ወዳጅነት ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

የነቢያት ጾም የመጠበቅ ጾም ነው። ነቢያቱ ክርስቶስ ይወርዳል ይወለዳል እያሉ፣ ሳያዩት መጠበቃቸውን እያሰብን እንጾመዋለን። ቤተ ክርስቲያንም ገና ሲቃረብ ናፍቆቱን በሦስት እሑድ ታስቆጥረዋለች፤ ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ስብከት፣ ከ14 ብርሃን፣ ከ21 ኖላዊ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚማር ጓደኛዬ «እኛ አራት ሻማ በየእሑዱ አንድ አንድ እያልን እናበራለን» ሲለኝ በጣም ቀናሁ። በአንድ እሑድ በለጡን ማለት ነው! ያንንም ሳልጨርስ ሌላ መዓት መጣ፤ 1992 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና በ29 መሆኑ ቀርቶ በ28 ይውላል ተባለ። ሌላው ልጅ ገና በአንድ ቀን ፈጠነልን ብሎ ይጨፍራል፣ እኔ ግን ታኅሣሥን ያህል ወር አንድ ቀን ቆርጠው የወሰዱብኝ መሰለኝ።

እማዬ ግን የምትጠብቀው ሌላ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነው። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት አልበረደም፣ ደብዳቤ ከመጣም በሦስት ወር ነው። ስለዚህ ሬዲዮኗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትውላለች። ያን እሑድ፣ ታኅሣሥ 16፣ ብሩን ቆጥራ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ሂድ፣ ከታይዋን አራት ባትሪ ይዘህ ና፤ ወዲያ ወዲህ እንዳትል» አለችኝ።

ወዲያ ወዲህ አላልኩም። በቀጥታ ሄድኩ፣ በቀጥታ አየሁት፣ በቀጥታ ተሸነፍኩ። ነጋዴው ከባትሪው ጎን አንድ ጥቅል መብራት ዘርግቷል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንደ በርበሬ ፍሬ የሾሉ። «ይሠራል?» አልኩት። «አቦ ወላሂ ኦርጅናል ነው!» አለኝ። የዋጋው ነገር እንዴት እንደተገጣጠመ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ የአራቱ ባትሪ ብር ልክ የመብራቱ ዋጋ ሆነ።

ቤት ስደርስ ልክ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሐጂ ከነቤተሰቡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ተምሩ ተደርድሯል፣ ሾርባው ይጨሳል፣ ሁሉም አዛን ይጠብቃል። (ሐጂን አንተ ማለቴ የከነከነው የአዲስ አበባ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው ከተገኘ እንግዳ ነው።) እኔ መብራቱን በመስኮታችን ላይ አዞርኩና «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ብርሃን ነው!» ብዬ ጮኼ ሶኬቱ ውስጥ ሰካሁት።

ሦስት ሰከንድ። ቀዩ በራ፣ አረንጓዴው በራ፣ ሰማያዊው ሊበራ ሲል ጧ! ቆጣሪው ተፋ፣ አራቱም ቤት ድርግም አለ።

ከወዲያኛው ቤት ያለው የኮሌጅ ተማሪ «ሚሌኒየም ነው! ኮምፒውተሮቹ ተበላሹ!» እያለ ወጣ። በፈረንጆቹ 2000 ሲገባ ዓለም ትጨልማለች የሚባለው ወሬ ድሬም ደርሶ ነበር፤ ግን እኮ ገና ስድስት ቀን ይቀረው ነበር! እማዬ ባትሪዋ ምን እንደሆነ በጨለማው ውስጥ ገብቷት ስሜን ሙሉውን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራችው። በዚህ መሀል አዛኑ ተሰማ። ሐጂም ረጋ ብሎ «ተምሩ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል፣ መብራት ምን ያደርግልኛል?» አለ።

ሚስቱ ፋኖስ ለኩሳ ምንጣፉ መሀል አስቀመጠች። አንድ ፋኖስ ለአራት ቤት፤ ታዲያ ሰው ሁሉ ወደሷ ሊሰበሰብ ግድ ሆነ። እማዬ የሽሮ ድስቷን ይዛ ወጣች። ለእኛ ብለው በምስር የሠሩት ሳምቡሳ ለብቻው በሳህን ቀረበ፤ ያንን በየቀኑ ያደርጉ ኖሯል፣ እኛ አልወጣንም እንጂ። ሐጂ የራሱን ሬዲዮ አምጥቶ እማዬ ጭን ላይ አስቀመጠላትና «ወሬው እስኪያልቅ አልፈልገውም» አላት። ስለ ግንባሩ አዲስ ነገር አልተነገረም። እሷ ግን ዝም ያለ ሬዲዮ ደህና ሬዲዮ ነው ብላ ሁለተኛ ሳምቡሳ አነሣች። እኔም ከዱላ ተረፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ገብርኤል ሆነ፣ እማዬ ስለቷን ይዛ በደንገጎ ሽቅብ ወደ ቁልቢ ወጣች፤ ልጄ ከመጣ ጃንጥላ አስገባለሁ ነው ስለቱ። ራስ መኮንን ያሠሩት ያ ቤተ ክርስቲያን በታኅሣሥ 19 የማያመጣው ሰው የለም። የአዲስ አበባ ሰዎች ጧፋቸውን ለገብርኤል ሰጥተው ሲመለሱ ደግሞ የቀረ ብራቸውን ለታይዋን ይሰጡ ነበር። ከዚያ ነው ጉዱ፤ አዋሽ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበረና የሄዱበትን ቀሚስ ታች፣ አዲሱን በላዩ፣ ሌላውን በላዩ! እኛ ልጆቹ ለገሃር ቆመን ቀጭን መጥተው ወፍረው የሚመለሱትን እንቆጥር ነበር። ፈታሹ ምነው ወፈሩ ሲላቸው የገብርኤል በረከት ነው ይላሉ እያልንም እንስቅ ነበር።

ገና አርብ ዋለ። አርብ ቀን ቤታችን ሥጋ ሲበላ ማየት ብርቅ ነበርና ድምፄን አጥፍቼ ነው የበላሁት። በማግስቱ ኢድ ሆነ! ሁለት ቀን ሙሉ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነበር፤ ሆዴ ሰኞ ትምህርት ቤት አላደረሰኝም።

ወንድሜስ? በዚያ ገና አልመጣም። ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው በዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ነው፤ ያውም በነቢያት ጾም። እማዬ ያን ለት ለገና ይደርሳል ብላ ዶሮ ገዛች። ለገና አልደረሰም። ለጥምቀትም አልደረሰም። ዶሮዋ ስም ወጥቶላት እንቁላል ጀመረች። ሰውዬው የመጣው ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ነው! ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀ ልጅ ሽሮ በላ። ዶሮዋም እስከ ፋሲካ ዕድሜ አገኘች፣ ጃንጥላው ግን ሐምሌ ገብርኤልን ሳያልፍ ቁልቢ ገባ።

አሁን ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በቀን ሦስት ጊዜ በቪዲዮ ይደውላል። እማዬ ታዲያ ትማረራለች፦ «ድሮ አንዲት ደብዳቤህ ሦስት ወር ታኖረኝ ነበር። አሁን ሽሮዬን እያሳረርክ ምን በላሽ ትለኛለህ!» ትለውና ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን እኔን ትጠይቀኛለች፤ «ነገስ ስንት ሰዓት ላይ ይደውል ይሆን?»

ለገና የሚመጣው በአዲሱ ባቡር ነው። ያ ባቡር ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው፤ ድሬ መቼም ታኅሣሥን አታስቀይምም። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጥቶ ተሠራና ከለገሃር በእግር ሮጦ መቀበል ቀረ፣ ከባጃጅ ጋር መከራከር መጣ።

ባለፈው የብርሃን እሑድ እኔና እማዬ ታይዋን ሄድን። የዛሬው መብራት ቀለሙን በሪሞት የሚቀይር ነው። ልጁ በስልኩ እያየ «ማዘር፣ ኦርጅናል ነው» አላት። እሷ ጥቅሉን ገለባብጣ አየችውና «አይ ልጄ፣ እሱን አውቀዋለሁ። ፊውዝ አያቃጥልም ወይ?» አለችው። ልጁ ፊውዝ ምን እንደሆነ አላወቀም። ሂሳቡን ከፍላ ስትጨርስ ደግሞ «አራት ባትሪም ጨምርልኝ» አለች። ባትሪ የሚበላ ዕቃ ቤታችን የለም፤ እሷ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች።

ሐጂ ዐርፏል፣ አላህ ይርሐመው። ባጂያ ደብቆ የነበረው ልጁ ግን ማምሻውን ከነልጆቹ መጣ። መብራቱን በዚያው መስኮት ላይ አዞርኩት። ትንሿ ሴት ልጁ አያቷ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቆማ፣ የተለኮሰ ሻማ በእጇ ይዛለች። «ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ፤ ሻማውን ከነፋስ በመዳፏ ከለለችና «በል አሁን ሰካው።»