አያቴን ወደ ተራራ ያወጣ ገመድ

ተራራ መውጣት የጉልበት ሥራ ነው ይባላል። በአገራችን ዝቋላን ወይም እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ላቡን እየጠረገ ቁልቁል ሲመለከት የሚሰማው ደስታ በድካሙ ልክ ነው። ስለዚህ ብዙዎች በገመድ ተስቦ ተራራ ላይ መድረስን እንደ ስንፍና ይቈጥሩታል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕታውን ከተማ ያየሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ብተርክ፥ ነገሩ በሌላ በኩልም እንደሚታይ ያስረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ከአያቴ ጋራ ሆነን በዚያ አገር በንግድ ሥራ ወደሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሄድን። ከከተማው በላይ የቆመው ተራራ አናቱ እንደ መሶብ ክዳን የሾለ ሳይሆን እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ «የጠረጴዛ ተራራ» ይባላል። አያቴ በየማለዳው በመስኮት እየተመለከቱ «እዚያ ላይ ምን ይኖር ይሆን?» ይሉ ነበር። ነገር ግን ጉልበታቸውን ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ኬብል ካሩም ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም ብዙ ቀን ሳይሳካልን ቀረ። በመጨረሻ ወደ አገራችን ልንመለስ አንድ ቀን ብቻ ቀረን።

ዕለቱ ነሐሴ 3 ቀን፥ በፈረንጆች ኦገስት 9 ነበር። በእነርሱ ዘንድ ይህ ቀን የሴቶች በዓል ነው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. 20,000 ያህል ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕግን ተቃውመው በፕሪቶሪያ ሰልፍ የወጡበት መታሰቢያ ነው። በዓሉና ብራው ቀን ስለ ገጠሙ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ወደዚያ የመጣ ይመስል ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር አያቴ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። አጎቴ «እማዬ፥ ሕዝቡ በዝቷል፤ እንመለስ» ቢላቸው፥ «ሕዝብ የሌለበት በዓል የት አይተሃል?» ብለው መለሱለት።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ በእግሩ ያልወጣ ሰው ተራራውን አወቀው አይባልም ሲል ተከራከረ። በእርግጥ የእግሩ መንገድ የቆየ ነው፤ አንቶኒዮ ዴ ሳልዳንያ የተባለው ፖርቱጋላዊ በ1503 እ.ኤ.አ. በእግሩ ወጥቶበታል። አያቴ ግን ፈገግ ብለው፥ «እኔ ጉልበቴን ለዝቋላ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ የዛሬውን ገመዱ ይክፈልልኝ» አሉ።

ተራችን ሲቃረብ አንድ ሠራተኛ ነፋሱ እየበረታ ስለ ሆነ ጉዞው ሊቋረጥ እንደሚችል አስታወቀ። ከፊታችን ገና ሁለት ጉዞ የሚሞላ ሰው ነበር። አያቴ መቋሚያቸውን ጨብጠው ዝም አሉ፤ እኔም ገመዱን እንጂ ሌላ ነገር ማየት አልቻልሁም። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሩ ተከፈተልንና ገባን።

መስመሩ በአንድ የኖርዌይ ተወላጅ መሐንዲስ ዕቅድ ተሠርቶ በ1929 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራባቸው ክፍሎች እያንዳንዳቸው 65 ሰው ይይዛሉ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ የወራጁ ክብደት ወጪውን ይረዳዋል። ወለሉም እየዞረ ስለሚሄድ መስኮቱ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ይደርሳል። በዙሪያችን ሕፃን ያዘለች እናት፥ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሽማግሌና በክራንች የምትሄድ ልጅ ነበሩ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ።

ላይ ስንደርስ አያቴ «ከቤታችን እንበልጣለን?» ብለው ጠየቁኝ። ጣቢያው ከባሕር ወለል 1,067 ሜትር ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ይህን ብነግራቸው፥ «እንግዲያማ ይህን ሁሉ የተሰለፍነው ለመውረድ ነው!» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ከዚያ በባሕሩ መካከል የሮበን ደሴትን አሳየኋቸው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. በአገራችን በኮልፌ የጦር ትምህርት ተምረው ነበር፤ ከታሰሩባቸው 27 ዓመታት 18ቱን ያሳለፉት በዚያች ደሴት ነው። እስረኞቹ ከዚያ ሆነው ይህን ተራራ ያዩት ነበር። አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እያዩት ያልደረሱበት ስንቱ ነው!» አሉ። ወዲያው የነፋሱ ማስጠንቀቂያ ጮኸና ከሕዝቡ ጋራ ወረድን።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፥ በእግር መውጣት ለሚችል ሰው መልካም ነው፤ እኔም ወደፊት እወጣለሁ። ሆኖም ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆኑ አሉ። እነርሱ በተራሮቻችን ላይ መንገድ ሲቀይሱ፥ በየመስኮቱ ተቀምጠው ተራራውን ከሩቅ የሚያዩትን ደካሞች እንዲያስቡልን አደራ እላለሁ። መንገዱ በሰው ቢጨናነቅ ቅር አይበላቸው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ብቻ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው እዚያ ባልደረሰም ነበርና።