ወልድያ ወይስ መርሳ?

ባለፈው ክረምት አከራያችን «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ሲሉን፣ እኔና ባለቤቴ በሁለት ከተማ ተከራከርን። እሷ ወልድያ እንቆይ አለች፤ እኔ ወደ ትውልድ ቦታዬ ወደ መርሳ እንመለስ አልኩ።

ሁለታችንም እውነት ነበረን። ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ናት፤ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የማክሰኞ ገበያው እዚያው ነው። የቤት ኪራዩ ግን ኪስ ይጎዳል፤ የክረምቱ ብርድም አይጣል ነው። የሐብሩዋ መርሳ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወረድ ብላ ትገኛለች። ሙቀት አላት፤ ብርቱካንና ፓፓያ አይጠፋባትም፤ ጎረቤቱ ልጅን በስሙ ይጠራል። ወባ ግን አለ።

እኔ የማስበው ስለ እናቴ ጉልበት ነበር፤ ብርድ ያሳምማታል። ባለቤቴ የምታስበው ስለ ልጃችን ነበር፤ አስም አለባት፣ ሌሊት ሲነሳባት ሆስፒታሉ ቅርብ መሆን አለበት።

አንድ ማታ እናቴ ቡና እያፈላች ሰማችን። «ለእኔ ብላችሁ ከሆነ ተዉት ልጄ። ጉልበት በጋቢ ይሸፈናል፤ የልጅ ትንፋሽ በምን ይሸፈናል?» አለች።

ስለ እሷ ስከራከር ከረምኩ እንጂ እሷን አልጠየቅኳትም ነበር።

ወልድያ ቀረን። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ግን ደጃፉ ላይ ያርፋል፣ እናቴም እዚያ ትቀመጣለች። ለበዓል መርሳ ስንወርድ እርምጃዋ ይፈጥናል። ያን ሳይ ሆዴ ይባባል።

ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ አዛውንቶቹን ጠይቁ።